የማህበረሰብ ደን የሚደግፍ ድርጅት እንዴት ይደግ?

ይሄን የምጽፈው ትንሽ አገር በቀል ድርጅት ይዘው ደን ዙሪያ ለሚሠሩ፣ ወይም ሊጀምሩ ላሰቡ ሰዎች ነው። ሥራው በመሥሪያ ቤት ቋንቋ አሳታፊ የደን አስተዳደር ይባላል። በቀላሉ ሲነገር፣ ደኑ ሥር የሚኖረው ሰው ደኑን በሕግ ተረክቦ ራሱ ይጠብቀው፣ ራሱም ይጠቀምበት ማለት ነው። የእናንተ ድርሻ ከጎኑ መቆም ነው።

እድገት ሲባል ቶሎ የሚታየን ሁለተኛ ቢሮ፣ ሦስተኛ መኪና፣ አምስተኛ ወረዳ ነው። ለጋሹም የሚጠይቀው «ስንት ወረዳ ትሠራላችሁ?» እያለ ነው። እኔ ግን የዚህ ዓይነት ድርጅት አደገ የምለው የሚደግፋቸው የደን ማህበራት፣ ማለትም ደኑን የተረከበው ሕዝብ የሚያቋቁማቸው ማህበራት፣ ያለ እሱ መቆም ሲጀምሩ ነው። ማህበራቱ ሳይጠነክሩ ድርጅቱ ከሰፋ፣ ፕሮጀክቱ ባለቀ በዓመቱ መጥረቢያው ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ፍጥነታችሁን የማህበራቱ ጉልበት ይወስነው።

አንድ ደን ምረጡና ተቀመጡበት

አሳታፊ የደን አስተዳደር ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1980ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው። ፋርም አፍሪካ የተባለው የውጭ ድርጅት ጭሊሞና ቦንጋ ደኖች ላይ፣ የጀርመኑ የልማት ድርጅት ጂቲዜድ አዳባ ዶዶላ ላይ፣ ኤስ ኦ ኤስ ሳህል የተባለው ድርጅት ቦረና ላይ ጀመሩ። ቦታዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ግን እዚያ ለዓመታት ተቀምጠው ሠሩ፤ ዛሬ በየክልሉ የምናየው መመሪያና የስምምነት ቅጽ ብዙው መነሻው ያ ሥራ ነው። አዲስ ድርጅት ደግሞ ገና በሁለተኛ ዓመቱ ሦስት ወረዳ የሚሸፍን ፕሮፖዛል ይጽፋል። አታድርጉት። አንድ ደን፣ ዙሪያው ያሉት ቀበሌዎች፣ በቃ።

ሠራተኛ ከመቅጠራችሁ በፊት ደኑን ማን እንደሚጠቀምበት እወቁ። ይሄ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ በአንድ ስብሰባ አይታወቅም። በስብሰባው የሚገኙት መሬት ያላቸው፣ መናገር የለመዱ ወንዶች ናቸው። ማገዶ የምትለቅመው ሴት አትኖርም። በባሌ ሐረና ደን እንደሚሆነው በበጋ ከብቱን ይዞ የሚገባው አርብቶ አደርም፣ ስብሰባው በክረምት ከተጠራ አይገኝም። በካፋ ማንጃ የሚባለው ማህበረሰብ ኑሮው ከደኑ ጋር እጅግ የተሳሰረ ሆኖ ሳለ ለረጅም ጊዜ ከሌላው ጋር አብሮ እንዳይቀመጥ ሲገለል የኖረ ነው። እነዚህን ሰዎች ያላካተተ የአባላት ዝርዝር ይዛችሁ ማህበር ካቋቋማችሁ፣ ደኑን በጣም የሚፈልገውን ሰው ሕገወጥ አደረጋችሁት ማለት ነው። ስለዚህ በበጋም በክረምትም ሂዱ። ቤት ለቤት ሂዱ። ሴቶቹን ለብቻቸው አነጋግሩ፤ ብትችሉ ሴት ባልደረባችሁ ታነጋግራቸው።

ደግሞ ከእናንተ በፊት ሕግ ነበረ። በካፋና በሸካ ቀፎ የሚሰቀልበትና ቡና የሚለቀምበት የደን ቁራጭ «ኮቦ» ይባላል፤ የማን እንደሆነ አካባቢው ያውቃል። መንዝ ላይ ያለው ጓሳ ከደን ይልቅ የሣርና የቁጥቋጦ ምድር ቢሆንም ትምህርቱ ያው ነው። ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ይጠብቀው ነበር። ቦታው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆይና፣ ሲከፈት የጓሳ ሣሩ ይታጨዳል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ተናጋ፤ ግን ሕዝቡ ጨርሶ አልተወውም፣ በኋላ በኮሚቴ መልክ መልሶ አቋቋመው። የምትሄዱበት ደንም እንዲህ ያለ ሥርዓት ይኖረዋል፤ ቢያንስ ቅሪቱ አለ። ሽማግሌዎቹን ጠይቁና የምትረዱትን መተዳደሪያ ደንብ በዚያ ላይ ገንቡት። ከሌላ ወረዳ የመጣ ደንብ ስም ብቻ ተቀይሮ ሲፈረም ብዙ ጊዜ ይታያል። ያ ደንብ ከፋይል አይወጣም።

የወረቀቱን ሥራ አትናቁት

ምዝገባው የሚካሄደው በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ነው። ይሄ አዋጅ ከቀድሞው 621/2001 ጋር ሲነጻጸር ብዙ እፎይታ አምጥቷል። በድሮው ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ ላይ መሥራት አይችልም ነበር፤ የደን ተጠቃሚነት መብት ደግሞ ዋናው ጉዳያችን ነው። አሁን ይችላል። ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራትም ተፈቅዷል፤ የተለየ የባንክ ሂሳብና የተለየ የሂሳብ መዝገብ ግን ያስፈልገዋል። አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የፕሮጀክት ወጪና የአስተዳደር ወጪን ለዩ። ዓመቱ ሲያልቅ ቁጭ ብሎ መለየት ሂሳብ ሠራተኛውን ያሳብዳል፣ ኦዲተሩንም ያስጠረጥራል።

ከድርጅቱ ወረቀት ይልቅ ግን የሚከብደው የማህበረሰቡ ወረቀት ነው። ረጅም ጊዜ የምትሰጡት እዚህ ላይ ይሁን።

የመጀመሪያው ወሰን ነው። ወሰን ማለት ጂፒኤስ (ቦታን በሳተላይት የሚለይ መሣሪያ) ይዞ መዞር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከዚህኛው ቀበሌ ሽማግሌዎች፣ ከአጎራባቹም ቀበሌ ሽማግሌዎች፣ የደን ባለሙያው፣ የልማት ሠራተኛው፣ ወጣቶችም ጭምር አብረው መሄድ አለባቸው። «ከዚህ ዋርካ እስከዚያ ምንጭ» የሚለው ንግግር ሁሉም ባለበት መነገር አለበት፤ ጭቅጭቁም ያኔ ይነሣ። ብዙ ሰው ጭቅጭቅ ሲነሣ ይደነግጥና ያንን ክፍል ለጊዜው ይዘለዋል። የተዘለለው ክፍል ግን ከሦስት ዓመት በኋላ እርሻ ሆኖ ይገኛል፤ ያኔ ማንን ትከሳላችሁ? አንድ ወሰን ላይ ወራት ቢፈጅ እንኳ ይፍጅ። ስታበቁ ምልክት ይቀበር፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ አጎራባቹም ይፈርም።

ቀጥሎ የደን ሀብት ቆጠራ ነው። ምን ዓይነት ዛፍ አለ፣ ምን ያህሉ ትልቅ ነው፣ ችግኙስ ከሥር እየወጣ ነው ወይ? አባላቱ ራሳቸው ይለኩ። ዝግባና ጥድ ትልልቁ ብቻ ቀርቶ ከሥሩ ቡቃያ እንደሌለ በዓይኑ ያየ ሰው፣ ከብት ለምን እንደሚከለከል ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ከዚያ የአስተዳደር ዕቅድ፣ ከዚያ ውስጠ ደንብ፣ ከዚያ ማህበሩ ደኑን ከመንግሥት የሚረከብበት ስምምነት ይፈረማል። የሚፈርመው የመንግሥት አካል በየክልሉ ይለያያል፤ ኦሮሚያ ላይ ለምሳሌ የደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ አለ፣ ሌላ ቦታ ቢሮው ወይም የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው። ማን ሥልጣን እንዳለው ቀድማችሁ አጣሩ። የተሳሳተ ማኅተም ያረፈበት ስምምነት ፍርድ ቤት ሲደርስ ወረቀት ብቻ ነው።

ሕጉን ለአባላቱ በደንብ አስረዱ። የደን አዋጅ ቁጥር 542/1999 የሚያውቀው የመንግሥትና የግል ደን ብቻ ነበር። በቦታው የመጣው አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማህበረሰብ ደንንና የማህበር ደንንም ጨምሯል። ይሄ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ግን ብዙ ቀበሌ ሊቀመንበር፣ ብዙ ፖሊስ፣ አንዳንዴም ዳኛው ራሱ አላየውም። ስለዚህ የስምምነቱ ቅጂ በማህበሩ እጅ፣ በቀበሌው፣ በወረዳ ፍርድ ቤትና በፖሊስ ጣቢያ ይኑር። ማህበሩ እንጨት ቆራጭ ይዞ ጣቢያ ሲሄድ «እናንተ ማን ናችሁ?» እንዳይባል።

የአባላት ብዛትስ? አዳባ ዶዶላ ላይ ዋጂብ የተባለው አሠራር ለአንድ ቤተሰብ ቢያንስ 12 ሄክታር እንዲደርሰው አስቦ፣ በአንድ ቡድን ከ30 ቤተሰብ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ 30 ቤተሰብ ይተዋወቃል፣ ይጠባበቃል፣ ድርሻውም ትርጉም ያለው ይሆናል። ጣጣው ደግሞ ከቁጥሩ ውጭ የሚቀረው ሰው ነው። በእኔ እምነት ቁጥር ከመወሰናችሁ በፊት ውጭ ለሚቀረው ሰው ምን እንደተመደበለት መልስ ይኑራችሁ፤ የደረቅ ማገዶ ቀን ይሁን፣ ሣር ማጨድ ይሁን፣ የተከላ ሥራ ይሁን። አባልነቱም በባል ስም ብቻ አይሁን። ባልና ሚስት ሁለቱም ይመዝገቡ፣ ሁለቱም ድምፅ ይስጡ።

ደኑ ገንዘብ ማምጣት አለበት

ጥበቃ ብቻውን ሰው አያቆይም። ሰው ሌሊት ተነሥቶ ደን የሚዞረው ከደኑ የሚያገኘው ነገር ሲኖር ነው። በደቡብ ምዕራቡ ማር፣ የጫካ ቡና፣ ኮረሪማና ጥምዝ አለ። ደጋው ላይ ማር፣ ሣር፣ አንዳንድ ቦታ ቱሪዝም። ዶዶላ ላይ የአካባቢው ሰው በፈረስ እንግዳ እየወሰደ ደኑ ውስጥ በተሠሩ ማረፊያዎች ያሳድር ነበር።

ማሩን እንውሰድ። ድርጅቱ ነጋዴ አይሁን። ማር ገዝታችሁ መሸጥ ከጀመራችሁ ማህበሩ ደንበኛችሁ ይሆናል፣ ዋጋ ላይም ትጣላላችሁ። የእናንተ ሥራ ጥራቱን ማስያዝና ገዥ ማገናኘት ነው። ያልበሰለ ማር ቶሎ አለመቁረጥ፣ እጭ ያለበትን የማር እንጀራ ከጥሩው አለመቀላቀል፣ ጭስ አለማብዛት፣ ማዳበሪያ በነበረበት ጆንያ ወይም ዘይት በነበረበት ጀሪካን ፋንታ ለምግብ በተሠራ ባልዲ ማስቀመጥ። ቀላል ይመስላል፤ ዋጋውን የሚለየው ግን ይሄ ነው። ረጅም ዛፍ ላይ የሚሰቀለው ባህላዊ ቀፎ በልማድ የወንድ ሥራ ነው። የሽግግር (በባህላዊውና በዘመናዊው መካከል ያለ) ወይም ዘመናዊ ቀፎ ጓሮ ሲቀመጥ ሴቶችም ማር ቆራጭ ይሆናሉ፤ ይሄን በዕቅዳችሁ አስገቡት።

ቡና ላይ ቀይ እሸት ብቻ መልቀምና ከመሬት ከፍ ባለ ማድረቂያ አልጋ ላይ ማድረቅ ነው ዋናው። አዲስ ጉዳይም አለ፦ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ ቡናው ደን ተመንጥሮ ያልተመረተ መሆኑን ከማሳው ካርታ ጋር ማስረዳት ይጠይቃል። ሕጉ ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ ደጋግሞ ቢራዘምም መምጣቱ አይቀርም። ወሰኑን በጂፒኤስ የለካ፣ የአባላቱን ዝርዝር የያዘ ማህበር እዚህ ላይ ከሌላው ቀድሞ ይገኛል። ያ አሰልቺ የወሰን ሥራ የገበያ ወረቀት ሆነ ማለት ነው።

ካርቦንን በተመለከተ አደራ ልበላችሁ። የካርቦን ሽያጭ ማለት ዛፉ ከአየር ለሚይዘው ካርቦን ገንዘብ መቀበል ነው። «ደኑ ካርቦን ይሸጥልናል» ብላችሁ ቃል አትግቡ። ወላይታ ሁምቦ ላይ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት በሰባት ማህበራት እጅ ሆኖ፣ ብዙው ከተቆረጠ ጉቶ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ በማድረግ አገግሟል። በዓለም ባንክ ፈንድ በኩል ካርቦን ሸጧል። ግን እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ እስኪመዘገብ ድረስ ዓመታት የፈጀ ዝግጅት፣ ልኬት፣ የውጭ መርማሪ፣ ሕጋዊ የመሬት ማረጋገጫ ጠይቋል። ትልቅ ድርጅትና ትልቅ ባንክ ከኋላው ነበሩ። ትንሽ ድርጅት ብቻውን የሚወጣው ነገር አይደለም። ቃል ተገብቶለት ገንዘቡ የዘገየበት ገበሬ ደኑንም እናንተንም ይተዋል።

የራሳችሁ ገንዘብ

በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታ ድንገት ሲቆም፣ በዚያ ገንዘብ ብቻ የቆሙ ድርጅቶች ሠራተኛ በትነዋል። ከአንድ ለጋሽ የሚመጣ ገንዘብ ከጠቅላላ በጀታችሁ ግማሹን ሲያልፍ ቦርዱ እንዲወያይበት ደንብ አድርጉ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ሌላ ትምህርት መጣ። በብር የተፈረመ ስምምነት የያዘ ሰው ነዳጁም፣ የመኪና ዕቃውም፣ ጂፒኤሱም ሲወደድ በጀቱ ባለበት ቀረ። ውል ስትፈርሙ የምንዛሪና የዋጋ ለውጥ ሲመጣ በጀቱ እንዴት እንደሚከለስ አንድ አንቀጽ ይግባ። ለጋሹ ላይፈልግ ይችላል። ጠይቁ።

ገቢ ለማምጣት ካላችሁ ችሎታ ጀምሩ። ወሰን ልኬት፣ የደን ቆጠራ፣ የማህበር ሥልጠና ለሌላ ፕሮጀክት በክፍያ መሥራት ይቻላል። ውጭ ያለው ወገናችንም ይረዳል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚጠይቀው የችግኝ ፎቶ ነው። ችግኝ ጥሩ ነው። የቆመ ደን መጠበቅ ግን ከችግኝ ይልቅ ቶሎ ውጤት እንዳለው አስረዷቸውና ለአንድ ቀበሌ የወሰን ሥራ ወይም ለአንድ የማር ማከማቻ ገንዘብ እንዲያዋጡ ጠይቋቸው። የሚታይ፣ የሚያልቅ፣ በስማቸው የሚነገር ነገር ነው።

ሪፖርት ላይ «ይህን ያህል ሰው ሠለጠነ» ማለት አቁሙ፤ ወይም ቢያንስ ከፊት አታስቀምጡት። ደኑ ምን ሆነ? ከተመረጡ ቦታዎች በየዓመቱ በአንድ ወር፣ በአንድ አቅጣጫ ፎቶ አንሡ። ግሎባል ፎረስት ዋች የተባለው ድረ ገጽ ላይ የሳተላይት መረጃ በነፃ ይገኛል። ግን ባህር ዛፍ ተቆርጦ ሲሸጥም «ደን ጠፋ» ብሎ ሊያሳያችሁ ስለሚችል መሬት ላይ ሳታዩ አትመኑት። ክፉ ውጤት ሲመጣም ጻፉት፤ ለጋሽ የሚርቀው የተደበቀ ነገር ሲያገኝ ነው።

ሰው

ከአካባቢው ቅጠሩ። ቋንቋውን የሚናገር፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ መንገድ ሲዘጋ እዚያው ያለ ሰው። በእነዚህ ዓመታት በየቦታው ጸጥታ ሲደፈርስ ከአዲስ አበባ የሚመላለስ ባለሙያ ከቢሮ ሳይወጣ ከርሟል፤ እዚያው የሚኖረው ግን ሥራውን ቀጥሏል። ደመወዙ ከከተማው ባልደረባ ያነሰ አይሁን።

አበል ላይ ደግሞ ጠንካራ አቋም አለኝ። ከወረዳ ለሚመጣ ባለሙያ በደንቡ መሠረት ክፈሉ። የማህበር አባል ግን በራሱ ማህበር ስብሰባ ለመገኘት አበል ሊከፈለው አይገባም። አንዴ ከጀመራችሁ፣ አበል በቆመ ቀን ጠቅላላ ጉባኤውም ይቆማል። ቡናና ቆሎ ይበቃል። ሌላ ፕሮጀክት እዚያው ቀበሌ አበል እየከፈለ ከሆነ ሄዳችሁ አነጋግሩት፤ ያስቸግራል፣ ግን ዝም ከተባለ ሥራችሁን ያበላሻል።

ቦርዳችሁ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሁለት ሰው ከደን ማህበራቱ ይኑር። ሲመጡም ሪፖርቱ በሚገባቸው ቋንቋ ይቅረብ።

ሁለተኛ ደን መቼ?

ገንዘብ ስለተገኘ አይደለም። እኔ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ማህበሩ እናንተ ሳትጠሩት ጠቅላላ ጉባኤ ያደርጋል? አመራሩ በምርጫ ተቀይሮ ያውቃል? ሂሳቡ በወረዳው የህብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ኦዲት ይደረጋል? አንድ የአመራር ዘመድ ዛፍ ሲቆርጥ ተይዞ እንደ ማንኛውም ሰው ተቀጥቷል? ይሄ የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጥብኛል። ዘመዱን የቀጣ ማህበር ደንቡ የራሱ ሆኗል።

መልሱ ለአብዛኛው አዎ ከሆነ ሂዱ። ወደ አዲሱ ደን ስትሄዱ አስተማሪዎቻችሁ የመጀመሪያው ማህበር አባላት ይሁኑ። ገበሬ ለገበሬ የሚነግረውን የእኛ ፓወር ፖይንት አይችለውም። የሰዎቹን ጊዜ ግን አክብሩ፤ ከርስታቸው ወጥተው ሌላ ሰው ሲያስተምሩ የባለሙያ ክፍያ ይከፈላቸው። ይሄኛው አበል አይደለም፣ የሥራ ዋጋ ነው።

ከመጀመሪያው ደን የምትወጡበት ቀንም ገና ስትገቡ ይጻፍ፣ ለማህበሩም ይነገር። በየዓመቱ አንድ አንድ ነገር አስረክቡ። መጀመሪያ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ መያዙን፣ ቀጥሎ የጥበቃ ተራውን፣ ቀጥሎ የሂሳብ መዝገቡን፣ ቀጥሎ ከገዥ ጋር መደራደሩን። በመጨረሻው ዓመት የቆጠራውን መረጃ፣ የወሰኑን ካርታ በወረቀት የታተመ፣ የጂፒኤስ ነጥቦቹን፣ የስምምነቱን ዋና ቅጂና የገዥዎቹን ስልክ በአንድ ሳጥን አድርጋችሁ ለማህበሩ ጸሐፊ በፊርማ አስረክቡ። ሁለተኛ ቅጂ በወረዳው ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ፣ እነሱ ሲጋብዟችሁ፣ በጠቅላላ ጉባኤያቸው ላይ በእንግድነት ተገኙ።